የባሕር አውሮፕላኖች በአስመራ፣ የበረራ ትምህርት በቢሾፍቱ



ዛሬ የምናገረው ስለ ባሕር ነው። ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደባርቅ ከተማ ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ግን ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሽሬና አክሱምን አቋርጦ የሚያደርሰው አስመራ ነው። አስመራ ላይ ደግሞ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ የሶቪየት ኅብረት ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ይነሡና ያርፉ ነበር። ቀይ ባሕርን፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የሕንድ ውቅያኖስን የአሜሪካ መርከብና ሰርጓጅ እየፈለጉ ያስሱ ነበር። ከእኛ አፈር ተነሥተው፣ ከእኛ ሰማይ በላይ በረሩ። ከዚያ ሁሉ በረራ ግን ለእኛ የቀረ አንድም ነገር የለም።

በአንጻሩ ጥቂት የውጭ ሰዎች በትናንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ቢሾፍቱ ላይ የጀመሩት ትምህርት ንጉሡን፣ ደርግን፣ ከዚያም የመጣውን መንግሥት ሁሉ ተሻግሮ ዛሬም አብራሪ ያወጣል። የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ይህ አገር አውሮፕላንን ያወቀው ከታች ሆኖ ነው። በ1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ከስሜንና ከወገራ ተነሥቶ፣ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከጎጃም መጥቶ ወደ ሽሬ ሲዘምት ጠላት ጣሊያን በሰማይ ነበር። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት፣ ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ ተከዜ መሻገሪያ ላይ የመጡት አውሮፕላኖች የጣሉት የተለመደውን ቦምብ አልነበረም። መሬት ሲነካ የሚፈነዳ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ነበር። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተቃጠለ፤ ከወንዙ የጠጣው ሞተ። ሰናፍጭ የሚባለው የመርዝ ጋዝ ነው። ከዚህ ሸንተረር የዘመተው ገበሬ ጎራዴና ጠመንጃ ይዞ፣ አብራሪውን እንኳ ሳያይ ነው የወደቀው። እኔ በበኩሌ ስለ አቪዬሽን የሚጻፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ሁሉ ከዚያች የተከዜ ማለዳ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት ግን የሚጀምሩት አዲስ አበባ ላይ ካረፈው የመጀመሪያ አውሮፕላን ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር ገና እጁን አልሰጠም። እዚሁ አጠገባችን፣ የሊማሊሞን አፋፍ ይዞ የተቀመጠው የወልከፊት ምሽግ መንገዱን ዘግቶ ነበር። አርበኞች ዙሪያውን ከበቡት፣ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ከላይ ደበደቡት፤ ክረምቱን በራብ ከርሞ በ1934 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሰሞን ወደ 3,000 የሚጠጋው የምሽጉ ሠራዊት እጅ ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በአየር ውጊያ የወደቀው የመጨረሻው የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በጎንደር ሰማይ ተመታ። አያቶቻችን እንግዲህ የአየር ኃይልን መምጣትም መውደቅም ያዩት ከዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ነው።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያሳርፍ አብራሪውም መካኒኩም የውጭ ሰው ነበር። በዓመቱ ግን ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ፣ ብቻቸውን ለመብረር በቁ። የሚሽካ አባት በምኒልክ ዘመን መጥቶ እዚሁ የቀረ የሩሲያ መኮንን ነበር፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት። ሚሽካ በኋላ ሞስኮ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግሏል። ሩሲያና የእኛ በረራ የተያያዙት በደርግ ዘመን ይመስለን የነበርን ሰዎች ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ ክሩ ከመጀመሪያው አብራሪያችን ጋር የተፈተለ ነው።

በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከቺካጎ መጣ። ትንሿን የንጉሡን አየር ኃይል በአዛዥነት መራ፤ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች ወደ ግንባር መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ አገሩ ገባ፤ ግን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሲመጣ ያመጣው ትልቁ ነገር ማስተማር ነው። ወጣት ኢትዮጵያውያንን ሰብስቦ የበረራ ትምህርት ጀመረ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ። ሁለተኛው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በጦርነቱ ጊዜ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ንጉሡ ሲጠሩት ቢሾፍቱ መጥቶ የአየር ኃይሉን ማሠልጠኛ አቆመ፤ ሳፊር የሚባሉ ትናንሽ ማሠልጠኛዎች፣ ቀጥሎም ሳብ 17 የሚባሉ ቦምብ ጣዮች ከስዊድን መጡ። ስዊድኖቹ አብራሪ ብቻ አላሠለጠኑም። የሞተር መካኒኩ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ የሜትሮሎጂ ሰው፣ የጦር መሣሪያ ባለሙያው፣ ሁሉም ከቢሾፍቱ ወጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው መምህር እንዲሆን አደረጉ። በ1950ዎቹ ስዊድኖቹ ሲሄዱ በቢሾፍቱው የአየር ኃይል ሰፈር፣ በሐረር ሜዳ፣ የሚያስተምረው ኢትዮጵያዊ ነበር።

ከዚያ አሜሪካውያን ኤፍ-86፣ ኋላም ኤፍ-5 ይዘው መጡ። አውሮፕላኑ ተለወጠ፤ ክፍሉ ግን አልፈረሰም። የዚያ ፍሬ የታየው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የሶማሊያ አየር ኃይል ሶቪየት ሠራሽ ሚግ-21 ነበረው፤ የእኛ ኤፍ-5ኢ በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ አሜሪካም መለዋወጫውን አቋርጣለች። ሆኖም የኢትዮጵያ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት የኦጋዴንን ሰማይ ያዙ። ይህ የሆነው የሶቪየት እርዳታ ከመምጣቱ ወራት አስቀድሞ መሆኑን ተማሪዎቻችን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ካውንት ፎን ሮዘን በዚያው ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ላይ በጥቃቱ ተገደለ። ዕድሜው ከስልሳ አልፎ ነበር፤ ያኔም የመጣው ለተራበ ሰው እህል ከአየር ሊያወርድ ነው።

አሁን ወደ ሶቪየቶቹ የባሕር አብራሪዎች ልሻገር፤ እነርሱም የመጡት ከትምህርት ቤት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ የሩሲያ ባሕር ኃይል ለመኮንኖቹ የባሕር በረራ ትምህርት ቤት በፔትሮግራድ ከፈተ። የሰሜኑ ባሕር በክረምት በረዶ ይሆናል፤ ያኔ የባሕር አውሮፕላን ደግሞ ከውኃ ላይ ተነሥቶ ውኃ ላይ የሚያርፍ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ወደ ካስፒያን ባሕር ዳር፣ ወደ ባኩ ወረደ። አብዮት መጣ፣ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ ዘውዱ ወደቀ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከከተማ ከተማ እየተሰደደ ሴቫስቶፖል ደረሰ። በ1931 የአዞቭ ባሕር ዳር ወደሆነችው ወደ የይስክ ተዛወረና ሥር ሰደደ። የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ በ1934 መጀመሪያ የተቀበለው አናቶሊ ልያፒዴቭስኪ በሴቫስቶፖል የተማረ፣ በየይስክ ያስተማረ አብራሪ ነው። በበረዶ ተሰብሮ የሰመጠውን የቼሉስኪን መርከብ ሰዎች ከበረዶ ላይ ያነሣ ሰው ነው። አብሮት የተሸለመው ሲጊዝሙንድ ሌቫኔቭስኪ በ1937 የሰሜን ዋልታን አቋርጦ አሜሪካ ሊደርስ ተነሥቶ በዚያው ጠፋ፤ በጥቁር ባሕር አጠገብ ኒኮላየቭ ከተማ የነበረው የባሕር አብራሪዎች ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። የየይስኩ ደግሞ ኋላ በ1967 ከጠፈር ሲመለስ በሞተው በቭላዲሚር ኮማሮቭ ስም ተጠራ።

በዚያ ትምህርት ውስጥ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የባሕር አብራሪ ከሌላው አብራሪ የሚለየው ከበታቹ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። እዚህ ስሜን ላይ የሚበር ሰው ራስ ደጀንን በግራው፣ የተከዜን ሸለቆ በቀኙ እያየ መንገዱን ያውቃል። ባሕር ላይ ግን ወንዝ የለ፣ ተራራ የለ፣ መንደር የለ። ጭጋግ ሲወርድ ባሕሩና ሰማዩ አንድ ይሆኑና ዓይን የላይና የታችን ይስታል። ስለዚህ ተማሪው ዓይኑን ትቶ መሣሪያውን ማመንን ይማራል፤ ሰዓቱን፣ ፍጥነቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ እያሰላ ያለበትን ቦታ በወረቀት ላይ ያገኛል። መንገድ አስላዩ በባሕር አውሮፕላን ውስጥ ከአብራሪው ያላነሰ ሰው ነው። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ የሚያዝ ነው።

አስመራ የመጣው አውሮፕላን ኢል-38 ይባላል። ኢል-18 ከሚባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ተለውጦ የተሠራ፣ ባለ አራት ሞተር፣ ለረጅም ሰዓት ባሕር ላይ ሲዞር የሚቆይ ነው። ሥራው ሰርጓጅ መርከብ መፈለግ ነው። ድምፅ የሚያዳምጡ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ውኃ ላይ ይጥላል፤ እነርሱ ከውኃ በታች የሰሙትን በሬዲዮ ወደ ላይ ይልካሉ። ጅራቱ ላይ ደግሞ እንደ ዘንግ ወደ ኋላ የወጣ መለኪያ አለው፤ ትልቅ ብረት በውኃ ውስጥ ሲያልፍ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል በጥቂቱ ያዛባልና ያንን ይለያል። በውስጡ ያሉት ሰዎች ሰባት ስምንት ናቸው፤ ገሚሶቹ መስኮት አያዩም፤ ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት ጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ መብራት በሚያበራ መስታወት ላይ አፍጥጠው ነው።

እነዚህ አውሮፕላኖች አስመራ እንዴት ደረሱ? ሶቪየቶች አስቀድሞ የተቀመጡት ሶማሊያ፣ በርበራ ላይ ነበር። በኦጋዴን ጦርነት ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ሲያዞሩ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. አባረራቸው። የሕንድ ውቅያኖስ የባሕር ኃይል ክፍላቸው ማረፊያ አጣ። በርበራ የነበረውን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በባሕር ጎትተው ወሰዱት፤ ኋላም ከዳህላክ ደሴቶች በአንዱ፣ በኖኩራ፣ ተከሉት። ለመርከቡ ዳህላክ፣ ለአውሮፕላኑ አስመራና ኤደን ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የኢራን ሻህ ወድቆ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ወደ ዓረብ ባሕር ሲጎርፉ፣ የኢል-38ቱ ሥራ ይበልጥ ተፈለገ።

አስመራ ጥሩ ማኮብኮቢያ አለው፤ ባሕሩም ቅርብ ነው። ግን ከፍታው 2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ይህን ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። ደባርቅ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 90 አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው ከመተማ ይልቅ እዚህ የሚዘገየው ለዚህ ነው። አስመራ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚይዘው አየር አነሰ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር አነሰ፤ ስለዚህ ነዳጅ የሞላ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይበላል፣ ወይም ነዳጁን ይቀንሳል። በአዞቭና በጥቁር ባሕር ዳር፣ በሜዳ ላይ የተማረ አብራሪ ይህን የተማረው ከደጋው ከራሱ ነው። ለደጋ በረራ ልምድ ያለው ማን ነበር? የቢሾፍቱ ሰው፤ ሐረር ሜዳም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው።

አስመራ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የመኮንኖች አካዳሚ ነበረ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ባሕር ኃይላችን በ1940ዎቹ መጨረሻ ተመሥርቶ፣ በኖርዌይ መኮንኖች እርዳታ ተደራጅቶ፣ ዋና ሰፈሩ ምፅዋ፣ የመኮንን ትምህርቱ 52 ወር የሚፈጅ ነበር። ጥቂቶች ጣሊያን ሊቮርኖ፣ ኋላም ሌኒንግራድ ተልከው ተምረዋል። የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ራሷ ከባሕር አውሮፕላን ጋር የተያያዘ ታሪክ ነበራት። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ከመምጣቷ በፊት «ኦርካ» ተብላ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል፣ ነዳጅና ጥይት የምታቀብል፣ ሠራተኞቻቸውን የምታሳድር መርከብ ነበረች። ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች። እኛ ጋ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። እንግዲህ አስቡት፦ አንዲት ከተማ ውስጥ የባሕር መኮንን የሚያወጣ አካዳሚ አለ፤ በዚያችው ከተማ ማኮብኮቢያ ላይ በዓለም ካሉት ትልልቅ የባሕር አውሮፕላኖች አንዱ ቆሟል፤ ከውስጡም በየይስክና በኒኮላየቭ ለዓመታት የዳበረ እውቀት አለ። በሁለቱ መካከል ግን የመማሪያ ክፍል አልነበረም። ለኢትዮጵያ አንድም ኢል-38 አልተሰጠም፤ ባሕር ኃይላችንም የራሱን የአየር ክንፍ አላቆመም። ለዚህ ሶቪየቶቹን ብቻ አልወቅስም። ሜዳውን የሰጠው የእኛ መንግሥት ነው፤ ሜዳ ሲሰጥ ወንበር መጠየቅ ይችል ነበር።

ሶቪየቶች ለምድር አየር ኃይሉ ግን አስተምረዋል፤ ይህን መሸሸግ ተገቢ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ወደ ፍሩንዜ፣ ዛሬ ቢሽኬክ ወደምትባለው የኪርጊዝ ከተማ ተላኩ። እዚያ ለውጭ አገር አብራሪዎች የተከፈተ ማዕከል ነበር፤ የግብፁ ሆስኒ ሙባረክም ተምሮበታል። ከከተማዋ በስተደቡብ የሚታየው የተራራ ሰንሰለት ከራስ ደጀን የሚበልጡ ጫፎች አሉት፤ በረዷቸው በበጋም አይጠፋም። ሠልጣኙ መጀመሪያ ሩሲያኛ ይማራል። ቀጥሎ በአሜሪካ አውሮፕላን ያደገ አብራሪ ከሆነ ደግሞ ልምዱን ማፍረስ አለበት። ከፍታ በእግር ይነበብ የነበረው በሜትር፣ ፍጥነት በኖት የነበረው በኪሎ ሜትር ሆነ። ከሁሉ የከፋው የአድማስ ማሳያው ነው። በአሜሪካኖቹ መሣሪያ አውሮፕላኑ ሲያጋድል የአድማሱ መስመር ያጋድላል፤ በብዙዎቹ የሶቪየት መሣሪያዎች ግን የሚያጋድለው የአውሮፕላኑ ምልክት ነው። በደመና ውስጥ፣ በሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ፣ እጅ በአሮጌው ልማድ ቢሄድ ሞት ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ተሻግረው ሚግ-21ንና ሚግ-23ን አበረሩ። ሊሻገሩት የቻሉት ደግሞ መሠረቱ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ቋንቋ ስለተጣለ ነው እላለሁ።

ግንቦት 13 ቀን 1976 ዓ.ም. ሌሊት ለኤርትራ ነጻነት የሚዋጋው የሻዕቢያ ኮማንዶዎች አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ገቡ። ከተቃጠሉት አውሮፕላኖች መካከል ሁለት ኢል-38 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሶቪየት ባሕር አውሮፕላኖች ከአስመራ ወጥተው በደቡብ የመን ብቻ ተወሰኑ። የአራት ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት አለቀ። ያ የእርስ በርስ ጦርነት ከሁለቱም ወገን የበላው ወጣት ቁጥር ስፍር የለውም፤ ከእነዚህ መንደሮች ተመልምሎ አስመራና ከረን የቀረውም ብዙ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ወደቀች። ባሕር ኃይሉ ወደ አሰብ ሸሸ፤ ግንቦት 1983 ላይ መርከቦቹ ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲና ወደ ጅቡቲ ተበተኑ። የቀድሞዋ «ኦርካ»፣ የእኛዋ «ኢትዮጵያ»፣ የመን ደርሳ ለብረት ተሸጠች። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ፈረሰ።

አየር ኃይሉም በዚያ ለውጥ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ብዙ አብራሪዎችና መካኒኮች ታስረዋል፣ ተበትነዋል። ሆኖም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራ ሲጀመር ቢሾፍቱ ላይ ሊያስተምር የሚችል ሰው ተገኘ። የድሮ መምህራን ተጠሩ፤ ከእስር የወጡ ሳይቀሩ ተመልሰው አስተማሩ። ለባሕር በረራ እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ሊኖረን አልቻለም፤ አልተማረማ። ሶቪየት ኅብረት ራሷ በ1991 ስትፈርስ የኒኮላየቭ ማዕከል በዩክሬን፣ የይስክ በሩሲያ ቀሩ፤ የይስክ ግን ዘውዱ በወደቀ ጊዜ እንዳደረገው ሁሉ ዛሬም አብራሪ ያሠለጥናል።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እያደራጀ ነው። ወደብ ስለማግኘት በየቀኑ እንሰማለን፤ ስለ መርከብ ግዥም ይወራል። እኔ ግን ጋዜጣ ሳነብ የምፈልገው ሌላ መስመር ነው፦ መንገድ አስላዮቹን ማን ያስተምራል? የባሕር ሜትሮሎጂ የት ይሰጣል? ከውጭ የሚመጣው አሠልጣኝ በስንት ዓመት ውስጥ ወንበሩን ለኢትዮጵያዊ ይለቃል? ስምምነት በተፈረመ ቁጥር ይህ አንቀጽ ውሉ ውስጥ መኖሩን የምክር ቤት ተወካዮቻችሁን ጠይቁልኝ። ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። የከፍታ አየርን፣ የተራራ ነፋስን፣ ደመና በሊማሊሞ እንዴት እንደሚወጣ የሚያጠና የፊዚክስ ክፍል ለማቋቋም ከዚህ የተሻለ ቦታ በአገሪቱ የለም፤ በደጋ ለሚበር ሁሉ፣ ለሲቪሉም ለወታደሩም፣ ይጠቅማል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በምፅዋ፣ በአሰብ ወይም በአስመራ ያገለገላችሁ፣ ወይም ፍሩንዜ ተልካችሁ የተማራችሁ አባቶች ካላችሁ የሚቀጥለው ሰዓት የእናንተ ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት የዳባት ተማሪዎች ደብተር ይዘዋል። ማይክራፎኑ ወደ ኋላ ይምጣላችሁ፤ ስማችሁን፣ ክፍላችሁን፣ ማን እንዳስተማራችሁ እየነገራችሁን ቀጥሉ።